በትንሽ ብር የጌም ኮምፒውተር፦ ፕሮሰሰሩ፣ ካርዱና የቤታችን ሶኬት

ከስታዲየም እስከ ሜክሲኮ ባሉ የኮምፒውተር ሱቆች ጌም የሚያጫውት ማሽን የሚሸጠው በሁለት ጥያቄ ነው። አይ ስንት ነው? ግራፊክሱ ስንት ጊጋ ነው? «ኮር አይ ሰቨን፣ አራት ጊጋ ግራፊክስ፣ ጌሙን እንደ ጉድ ያስኬደዋል» ይባላል። ብር ይቆጠራል። ኬዙ በካርቶን ታሽጎ ይወጣል። ጉዱ የሚታየው ቤት ተደርሶ ሲሰካ ነው።

«አይ» የኢንቴል ፕሮሰሰር ደረጃ ነው፣ «ጊጋ» ደግሞ የግራፊክስ ካርዱ ሜሞሪ። ሁለቱ ጥያቄዎች ብቻቸውን ብዙም አይነግሩም። እኔ የማስቀድማቸው ሌሎች ናቸው። ስክሪንህ ምን ያህል ነው? የምትጫወተው ምን ምን ነው? የቤታችሁ መብራትስ እንዴት ነው? የመጨረሻውን ዩቲዩብ ላይ ያሉት መካሪዎች አይጠይቁም። እነሱ ቤት መብራት አይሄድማ።

እኔ ሂሳብ ሠራተኛ ነኝ። ቀን ኤክሴል፣ ማታ ጌም ነው ኑሮዬ። ልደታ ኮንዶሚኒየም እኖራለሁ። ከዘመድ መሃል ኮምፒውተር የሚገዛ ሲኖር የሚደወለው ለእኔ ነው። ሰሞኑን ተራው የአክስቴ ልጅ ሆነ። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተናውን ጨርሷል፣ ቃል የተገባለት ነገር አለ፣ የአክስቴም እቁብ ወጥቶላታል። ብሩን ስትሰጠኝ «ለትምህርቱም የሚሆን ይሁን፣ አደራ» አለችኝ። ልጁ ከኋላዋ ቆሞ በዓይኑ ይለምነኛል።

ዋጋ በብር አልጽፍም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከ57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር ከ100 በላይ ዘልቋል፤ ዕቃው ደግሞ ሁሉም በዶላር የሚገባ ነው። ዛሬ የጻፍኩት ቁጥር እናንተ ስታነቡት ሊያሳስታችሁ ይችላል። የማይለወጠው ድርሻው ነው። ሞኒተርና ኪቦርድን ትታችሁ ለማሽኑ ከያዛችሁት ከየ100 ብሩ 40 ያህሉን ለግራፊክስ ካርድ፣ 20 ያህሉን ለፕሮሰሰር መድቡ። ቀሪው ለማዘርቦርድ፣ ለራም፣ ለኤስኤስዲ፣ ለፓወር ሰፕላይና ለኬዝ ነው። ለጌም ከሆነ ካርዱ የፕሮሰሰሩን እጥፍ ቢያስወጣ አትደንግጡ። ነገሩ ሲገለበጥ ነው መደንገጥ።

አሁን ወደ «አይ ሰቨን»ኑ እንምጣ። ከገባንባቸው ሱቆች በአንዱ ሻጩ ገና ስንገባ ልጁን ያዘው። «ብሮ፣ ለጌም ከሆነ ይቺን ውሰድ።» ለእኔ ወንበር አመጣልኝ። «እህቴ፣ አንቺ አረፍ በይ።» አረፍ አልኩ። ተቀምጬም ስንተኛ ጄኔሬሽን እንደሆነ ጠየቅኩት።

«አይ ሰቨን ነዋ!»

«እሱንማ ሰማሁ። ስንተኛ ጄኔሬሽን ነው?»

ማሽኑን አበራልን። ታስክ ማናጀርን ከፍቼ ስሙን አነበብኩት፤ አይ7-3770። ሻጩ ጨዋ ልጅ ነበር፣ ሳቀ። ከዚያ በኋላ የሚያወራው ከእኔ ጋር ሆነ።

ከሰረዙ በኋላ ያለው ቁጥር ሲነበብ እንዲህ ነው። 3770 ሲሆን ሦስተኛ ጄኔሬሽን፣ 6500 ሲሆን ስድስተኛ፣ 12100 ሲሆን አሥራ ሁለተኛ። አይ7-3770 እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ ነው። ኮር ማለት ፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለ ራሱን የቻለ ሠራተኛ ነው፣ ትሬድ ደግሞ በአንዴ የሚይዘው የሥራ መስመር። አራት ኮር፣ ስምንት ትሬድ አለው። አይ3-12100 እ.ኤ.አ. በ2022 መጀመሪያ የወጣ ነው። እሱም አራት ኮር፣ ስምንት ትሬድ አለው። በወረቀት ላይ መንታ ይመስላሉ። ግን የአዲሱ አንድ ኮር በአንድ ሰከንድ የሚጨርሰው ሥራ ከአሮጌው በጣም ይበልጣል። ጌም ደግሞ አብዛኛውን ሸክሙን አንድ ሁለት ኮር ላይ መጫን ይወዳል። ስለዚህ ይህ አይ ስሪ ያንን አይ ሰቨን ጥሎት ይሄዳል። ዕድሜው የገፋው ላይ ሌላም ጣጣ አለ። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 14 ቀን 2025 አቁሟል፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ በደንቡ ከኢንቴል የሚቀበለው ከስምንተኛ ጄኔሬሽን ጀምሮ ነው። በጓሮ በር የሚያስገቡት አሉ። ይገባልም። ግን እንደ ቫሎራንት ያለው ጌም በዊንዶውስ 11 ላይ ቲፒኤም 2.0 እና ሴኪዩር ቡት የሚባሉትን የማሽኑን የደህንነት መጠበቂያዎች ካላገኘ አይከፈትም፣ ያኔ የጓሮ በሩም አያዋጣም።

«ስንት ጊጋ ነው» የሚለውም ያው ነው። ጂቲ 730 የሚባል የኢንቪዲያ ካርድ አለ፤ አራት ጊጋ ሆኖም ይሸጣል። ጂቲኤክስ 1650ም አራት ጊጋ ነው። ጊጋው የሚነግራችሁ ካርዱ ስንት ነገር አጠገቡ ማስቀመጥ እንደሚችል ነው፣ በምን ፍጥነት እንደሚሠራ አይደለም። ዲዲአር3 የተገጠመለት ጂቲ 730 በሰከንድ ከሜሞሪው የሚያመላልሰው 30 ጊጋባይት አይሞላም። መጀመሪያ የወጣው ጂቲኤክስ 1650 ግን 128 ጊጋባይት ያመላልሳል። የሥዕል ሥራውን የሚሠሩት ክፍሎችም ቢሆኑ ሰማይና ምድር ናቸው። ካርቶኑ ላይ በትልቁ የሚጻፈው ግን ጊጋው ነው።

አንድ ምስል ስክሪን ላይ እስኪወጣ ፕሮሰሰርና ካርድ ሥራ ይከፋፈላሉ። ኳሱ የት እንዳለ፣ ተከላካዩ ወዴት እንደሚሮጥ፣ ጥይቱ ማንን እንዳገኘ የሚያሰላው ፕሮሰሰሩ ነው። አስልቶ ሲጨርስ «ይህን ሳል» ብሎ ለካርዱ ያቀብላል። ጭቃ አቀባይና ግንበኛ በሏቸው። አቀባዩ ከዘገየ ግንበኛው የቱንም ያህል ጎበዝ ቢሆን እጁን አጣጥፎ ይቆማል። ስክሪኑ ሲተልቅ የሚጨምረው የካርዱ ሥራ ነው፣ የፕሮሰሰሩ ብዙም አይለወጥም።

ማን ማንን እያስጠበቀ እንደሆነ በዓይን ማየት ይቻላል። ኤምኤስአይ አፍተርበርነር የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ። ጌም ውስጥ እያላችሁ ካርዱ በመቶ ስንት እየሠራ እንደሆነ ጥግ ላይ ያሳያችኋል። ከ97 በላይ ላይ ከቆመ ካርዱ ያለ የሌለ ጉልበቱን እያወጣ ነው። ፍሬሙ፣ ማለት በሰከንድ የሚወጣው የምስል ብዛት፣ ሳይገደብ የካርዱ ሥራ በመቶ 60 ምናምን ላይ እየዋለለ ጌሙ ከተንገጫገጨ ግን ካርዱን አትውቀሱ፣ ፕሮሰሰሩ አልደረሰለትም። ጓደኞቼ «ካርድ ልቀይር ነው» ብለው ሲመጡ መጀመሪያ ይህን አይተው እንዲመጡ ነው የምልካቸው።

የልጁ ስክሪን ያገለገለ 24 ኢንች ነው። 1920 በ1080፣ 60 ኸርዝ። በሰከንድ ከ60 በላይ ምስል አያሳይም። የሚጫወተው ኢኤ ስፖርትስ ኤፍሲ፣ ጂቲኤ 5 እና ካውንተር ስትራይክ 2 ነው። ጂቲኤ 5 በፒሲ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2015 ስለሆነ ለዛሬ ካርድ ቀላል ነው። ኳሱም ብዙ አይጠይቅም። ካውንተር ስትራይክ ፕሮሰሰሩ ላይ ይከብዳል። ለነዚህ በ1080 መስመር ላይ የሚመጥን ካርድ ነው የፈለግነው። ከዚያ በላይ የሚከፈለው ብር ስክሪኑ ላይ አይታይም።

የገበያው ንጉሥ የኤኤምዲው ካርድ አርኤክስ 580 ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣ፣ ስምንት ጊጋ ያለው፣ ዋጋው ልብ የሚያማልል። ልጁ ቴሌግራም ላይ አይቶት እንቅልፍ አጥቷል። ካርዱ በራሱ መጥፎ አልነበረም። ችግሩ ሦስት ነው። ገሚሱ 2048ኤስፒ የሚባለው ነው፤ ስሙ 580 ይሁን እንጂ ውስጡ 2048 ሼደር (የሥዕል ሥራውን የሚሠራ ክፍል) ብቻ ነው ያለው፣ የዋናው 2304 ነው። በተግባር 570 ነው በሉት። ሁለተኛ፣ ብዙዎቹ ማይኒንግ፣ ማለት ዲጂታል ገንዘብ በስሌት የማመንጨት ሥራ፣ ላይ ውለው አድረዋል። ከነዚህ ገንዘቦች አንዱ የሆነው ኢቲሪየም እ.ኤ.አ. መስከረም 15 ቀን 2022 አሠራሩን ሲቀይር በግራፊክስ ካርድ እሱን ማይን ማድረግ አበቃ፤ ካርዱ በየዓለሙ ገበያ ላይ ፈሰሰ። ሦስተኛው የእኛን አገር ይመለከታል። 185 ዋት ይጠጣል።

ማይኒንግ የሠራ ካርድ ሁሉ ይጣል አልልም። በእኩል ሙቀት ላይ ተረጋግቶ የሠራ ካርድ ቺፑ ጤነኛ ሊሆን ይችላል። የሚያልቀው ፋኑ ነው፣ የሚደርቀው ቺፑና ማቀዝቀዣው መሃል የሚቀባው ፔስት ነው። ግን ማየት የሚያውቅ ሰው ያስፈልጋል። ፒያሳ በኩል ድሮ ቴሌቪዥን ይጠግኑ የነበሩ፣ አሁን ቦርድ የሚሠሩ አንድ አባት አሉ። ሻጩን አስፈቅደን አንዷን 580 ይዘን ሄድን። «ጋሼ፣ ይቺን ይዩልኝ» አልኳቸው።

ካርዷን መጀመሪያ ያሸተቱት በአፍንጫቸው ነው። ከዚያ መብራቱን ጎትተው ጀርባዋን አዩ። የአራቱ ብሎኖች ጭንቅላት ተላልጧል። «ተፈትታለች» አሉ። ይህ አያስፈራም፣ ፔስት የሚቀይር ሰው ይፈታታል። ቀጥለው በጎን በኩል አጮለቁ። ሜሞሪው ላይ የሚለጠፈው ለስላሳ ፓድ ዘይት ተፍቶ ቦርዱ ላይ ወርዷል። አሁንም አያስፈራም፣ ብዙ ሙቀት ማየቷን ነው የሚናገረው። በመጨረሻ በጥርስ ብሩሽ ካፓሲተሮቹን ሥር ነካ ነካ አደረጉና ጣታቸውን አሳዩኝ። ነጭ ዱቄት ነበረው። «ልጄ፣ ይቺ ታጥባለች። ሳትደርቅም ተሰክታ ይሆናል። ተያት።»

ሰው ከሌላችሁ ሁለት ፕሮግራም በፍላሽ ይዛችሁ ሂዱ። ጂፒዩ-ዚ የካርዱን እውነተኛ ማንነት ይናገራል። የሼደሩን ቁጥር እዚያ ላይ አንብቡ። ድሮ ካርድ ላይ ሶፍትዌር ቀይረው በአዲስ ስም የሚሸጡት አሉ፤ ጂፒዩ-ዚ ብዙዎቹን የኢንቪዲያ አስመሳዮች ለይቶ ከስማቸው ፊት «ሐሰተኛ» የሚል ምልክት በእንግሊዝኛ ይለጥፍባቸዋል። ሁለተኛው ፈርማርክ ነው። ካርዱን ያስጨንቃል። ሻጩ ሻይ እስኪጠጣ ይሩጥ። ሙቀቱ ከፍ ብሎ አንድ ቦታ ላይ ከረጋ ደግ ነው። እየጨመረ 90ን ከነካ፣ ስክሪኑ ላይ ነጠብጣብ ከታየ ወይም ማሽኑ ድርግም ካለ አመስግናችሁ ውጡ። «ፈርማርክ አይሮጥም፣ ካርዱን ይጎዳል» የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁም እንዲሁ። «ስላይትሊ ዩዝድ» የሚለውን ቃል ማንም በነፃ ይጽፈዋል።

የመረጥነው አርኤክስ 6600 ነው። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 2021 በ329 ዶላር የወጣ፣ ስምንት ጊጋ፣ 132 ዋት። ከ580 በደንብ ይፈጥናል፣ ከሱ ያነሰ መብራት ይበላል። ለ1080 ስክሪን ትርፍ ሁሉ አለው። ያላገኛችሁ ወይም ኪሳችሁ ያልደረሰ ጂቲኤክስ 1660 ሱፐርን ፈልጉ። ስድስት ጊጋ ነው፣ 125 ዋት። ዕድሜው ገፋ ብሏል ግን አሁንም ያጫውታል።

የኢንቪዲያው አርቲኤክስ 3060 ባለ 12 ጊጋውም ቀርቦልን ነበር። ጥሩ ካርድ ነው። ልጁ ብሌንደርም (የ3ዲ ሥዕል ፕሮግራም) ልማር ቢል ኖሮ እሱን እወስድለት ነበር፤ ለእንዲህ ያለው ሥራ ኢንቪዲያ ይሻላል። ለጌም ብቻ ግን ልዩነቱ ያን ያህል ብር የሚጨመርበት አይደለም። በዝቅተኛ ጥራት የተሣለውን ምስል አሳድጎ ጌሙን የሚያፈጥነው ዲኤልኤስኤስ የአርቲኤክስ ብቻ ነው፣ እውነት ነው። ተመሳሳይ ሥራ የሚሠራው የኤኤምዲው ኤፍኤስአር ደግሞ ከመጀመሪያው እስከ ሦስተኛው ስሪት በብዙ ካርድ ላይ ይሠራል፣ በአሮጌ የኢንቪዲያ ካርድ ላይም ጭምር። ምስሉ እንደ ዲኤልኤስኤስ ጥርት ባይልም በችግር ጊዜ ይደርሳል።

አርኤክስ 6500 ኤክስቲን ግን እለፉት። ስሙ ከ580 አዲስ ይመስላል፣ ዋጋውም ይስባል። አራት ጊጋ ያለው ነው በብዛት የሚገኘው፣ ከማዘርቦርዱ ጋር የሚገናኘውም በአራት የፒሲአይ ኤክስፕረስ መስመር ብቻ ነው። ማዘርቦርዱ ሦስተኛ ትውልድ ፒሲአይ ከሆነ መንገዱ በግማሽ ይጠብበታል፤ ሜሞሪው ሲሞላ ጌሙ መንተባተብ ይጀምራል። በርካሽ የሚገዛ ሰው ቦርዱም አሮጌ ነው አብዛኛውን ጊዜ። ለማን እንደተሠራ አይገባኝም።

ፕሮሰሰሩ ላይ ከኢንተርኔቱ ምክር ጋር የተለያየሁበት አንድ ነገር አለ። ሁሉም «ኤፍ ያለበትን ግዛ፣ ይረክሳል» ይላል። አይ3-12100ኤፍ፣ አይ5-12400ኤፍ። ኤፍ ማለት ፕሮሰሰሩ ውስጥ የራሱ ግራፊክስ አይሠራም ማለት ነው። ፍጥነቱ ያው ነው። ውጭ አገር ይህ ልክ ምክር ነው። ካርዱ ቢበላሽ በዋስትና ይመልሳል፣ በሳምንቱ ሌላ ይመጣለታል። እዚህ ግን ካርዱ አንድ ማታ መብራት ሄዶ ሲመጣ ቢቃጠል ምን ይሆናል? ጥገና ይሄዳል፣ ዕቃው ካልተገኘ ይቆያል። በዚህ መሃል ኤፍ ያለበት ማሽን ስክሪኑ ጥቁር ነው። ኤፍ የሌለበት ግን ኬብሉን ከካርዱ ነቅሎ ማዘርቦርዱ ላይ መሰካት ብቻ ነው፤ ጌም ቢቀር ዎርድ ይከፈታል፣ ፊልም ይታያል። አክስቴ ያለችውን አደራም የጠበቅኩት በዚህ ነው። ጥቂት ጨምረን ኤፍ የሌለበትን አይ3-12100 ያዝን።

የኤኤምዲውን ፕሮሰሰር ራይዘን 5 5600 ብታገኙ አልቃወምም። ስድስት ኮር፣ 12 ትሬድ፣ 32 ሜጋ ካሽ (ፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለ ፈጣን ሜሞሪ) ያለው ነው፣ በጉልበት ከኛ አይ ስሪ ይበልጣል። እሱም የራሱ ግራፊክስ የለውም። ከ5500 ጋር ግን አታምታቱት፤ ያኛው ካሹ 16 ሜጋ ነው፣ ጌም ላይ ይለያል። 5600ጂ ለሌላ ሰው ነው። ጥሩ የሚባል ግራፊክስ በውስጡ አለው፣ ካርድ ዛሬ መግዛት ለማይችልና ለጊዜው በዝቅተኛ ሴቲንግ ለሚታገሥ ይሆናል። እሱን ከገዛችሁ ራሙን ሁለት ፍሬ አድርጉ። ግራፊክሱ የሚበላው ከራሙ ስለሆነ አንድ ፍሬ ብቻ ሲሆን ይታፈናል። እኛ በዞርንባቸው ሱቆች የኢንቴል ቦርድ በዛ ብሎ ስላየን በዚያ ሄድን፤ ኤች610 ቦርድ፣ ዲዲአር4 ራም ስምንት ስምንት ጊጋ ሁለት።

ሶኬት ላይ ደረስን። እኛ ብሎክ ላይ ማታ ማታ ምጣድ ሲሰካ አምፖሉ ደብዘዝ ይላል። የእንጀራ ቀን ከሆነማ መብራቱ ሁለቴ ሦስቴ ብልጭ ብሎ ነው የሚረጋው። እንዲህ ያለ ቤት ውስጥ ዋት ማለት የመብራት ቆጣሪ ጉዳይ ብቻ አይደለም። አይ3-12100 በመነሻው 60 ዋት ነው፣ ሲፈጥን 89። ካርዱ 132። ቀሪው ተደምሮ ማሽኑ ጌም ላይ 250 ዋት አካባቢ ነው። በየሱቁ ያለው 650 ቪኤ ዩፒኤስ ብዙውን ጊዜ የሚችለው ከ360 እስከ 390 ዋት ነው። ስለዚህ መብራት ሲሄድ ጌሙን ሴቭ አድርጎ፣ ማሽኑን በሥርዓት ለማጥፋት የሚበቃ ደቂቃ ይገኛል። 580 እና አሮጌ አይ ሰቨን ሞኒተር ተጨምሮበት ያንኑ ዩፒኤስ ጫፉ ላይ ያደርሰዋል። እሱ ሲጮህ ማሽኑም አብሮት ይጠፋል። ከ6600 ጋር ያስተሳሰረኝ ከፍጥነቱ ይልቅ ይህ ሂሳብ ነው።

ፓወር ሰፕላይ ላይ ገንዘብ አትቆጥቡ። ከኬዝ ጋር በነፃ የሚመጣውን አንሥታችሁ እዩት፤ እንደ ባዶ ቆርቆሮ ይቀላል። ጎኑ ላይ «500 ዋት» ይላል። ስቲከሩን ጠጋ ብላችሁ የ12 ቮልቱን መስመር አንብቡ። አንዱ ላይ 18 አምፔር የሚል አየሁ። 12 በ18 ሲባዛ 216 ዋት ነው። ካርዱም ፕሮሰሰሩም በዋናነት የሚጠጡት ከዚያ መስመር ነው። 500 የሚለው ለጌጥ ነው። የታወቀ ብራንድ፣ 80 ፕላስ የሚል ምልክት ያለው፣ 450 ወይም 500 ዋት በቂ ነው። ለካርዱ የሚሆን ባለ ስምንት ፒን ገመድ ከራሱ የወጣ ይሁን። «ኮንቨርተር አለ፣ ችግር የለም» ሲሏችሁ ችግር አለ።

ብሩ ለዚህ ሁሉ ለማይደርስ ሰው የቢሮ ዴል ኦፕቲፕሌክስ ወይም ኤችፒ ገዝቶ ካርድ መጨመር አለ። ስምንተኛ ጄኔሬሽንና ከዚያ በላይ ፈልጉ። የነዚህ ማሽኖች ፓወር ሰፕላይ ልዩ ቅርጽ ያለው ነው፣ ተጨማሪ የካርድ ገመድም ብዙ ጊዜ የለውም። ስለዚህ ከማዘርቦርዱ ብቻ የሚጠጣ ካርድ ነው የሚገባው፤ 75 ዋት የሆነ ጂቲኤክስ 1650፣ ወይም እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው ባለ ስድስት ጊጋ አርቲኤክስ 3050፣ እሱ 70 ዋት ነው። ኬዙ ቀጭኑ ከሆነ አጭሩን ዓይነት ካርድ መፈለግ አለባችሁ። ሳትለኩ አትግዙ፣ ማስመሪያ ያዙ። የ1650ዎቹ ገሚሶቹ ደግሞ ስድስት ፒን ይጠይቃሉ፣ ጀርባውን እዩ።

ዕቃውን ይዘን በባቡር እንሂድ ያለው ልጁ ነበር፣ ከስታዲየም ልደታ ቅርብ ነው ብሎ። በዚያ ግፊያ ከነካርዱ? ራይድ ጠራሁ።

ገጣጥመን የመጀመሪያው ያደረግነው ፍሬሙን 60 ላይ መገደብ ነው። ስክሪኑ ከዚያ በላይ ስለማያሳይ ካርዱ በከንቱ አይሮጥም፤ ሙቀቱ ይወርዳል፣ ፋኑ ዝም ይላል፣ ዩፒኤሱም ይተርፈዋል። አክስቴ ቆጣሪው ምን ሊበላ ነው ብላ ስትጨነቅ ወረቀት ላይ ሠራሁላት። በ250 ዋት እንኳ ብናስበው አራት ሰዓት ሲጫወት አንድ ኪሎዋት ሰዓት ነው። ምጣዷ ከዚያ በላይ በአንድ ጋገራ ትጨርሳለች። አላመነችኝም፣ ግን ዝም አለች።

ልጁ ከወዲሁ 144 ኸርዝ ሞኒተር እያየ ነው። ያኔ ካውንተር ስትራይክ ላይ አይ ስሪው ማቃሰት ይጀምራል፤ ቦርዱ ግን ያገለገለ አይ5-12400 ይቀበላል፣ ካርዱ እዚያው ይቆያል። ሞኒተሩን ግን ራሱ ሠርቶ ይግዛ።